የእንቁራሪቷን ትንሳኤ ለሚጠባበቀው ጽሕፈት ቤት

ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ በድሉ
የወንዝ ማሻገሪያ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ወላይታ ሶዶ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ለጽሕፈት ቤትዎ ባልደረቦች የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንደምን እንደሰነበተ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት በጥር ወር ወደ ቀበሌያችን ሲመጡ ጫማዎ እንዳይረጥብ በአቶ ኤርሳዶ ጀርባ ታዝለው ወንዛችንን መሻገርዎን አንረሳም። አቶ ኤርሳዶም ወገባቸው እስከ ዛሬ እንደሚያስታውስዎት እንድነግርዎት ልከውኛል።

እኔ ኢሳይያስ ጩማ እባላለሁ፤ በኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ከወንዙ ማዶ ባለችው ቀበሌ የሳይንስ መምህር ነኝ። ከእኛ እስከ ወረዳው ከተማ ሃላሌ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፣ ወንዙ ከፈቀደ። ለመጻፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ሳምንት ሃላሌ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያነበብኩት ደብዳቤዎ ነው። በዚህ ደብዳቤ፣ የሰጡንን ተሽከርካሪ ይሠራ የነበረው ድርጅት የንግድ ስም በአንድ የውጭ አገር ባለሀብት ተገዝቶ ዳግም ወደ ምርት ሊገባ ይችላል የሚል መረጃ እንደደረስዎ ገልጸው፣ «የድርጅቱ ትንሳኤ እስኪረጋገጥ ድረስ» የእግረኛ ድልድይ ጥያቄያችን በይደር እንዲቆይ ወስነዋል። ስለዚህ ውሳኔ ምስጋናችንን በዝርዝር ማቅረብ ግዴታችን ነው።

1ኛ/ በመጀመሪያ ስለ ባሕር ዛፎቻችን እናመሰግናለን። በዚያ ጥር ወር ሃያ ሁለት ረጃጅም ባሕር ዛፍ ቆርጠን፣ ልጠን፣ ወንዙ ዳር ደርድረን የእግረኛ ድልድይ ልንሠራ ሰኞን ስንጠብቅ እርስዎ ቅዳሜ ደረሱ፤ የእንጨት ድልድይ ዘመን ማብቃቱንና በየብስም በውሃም የሚሄድ ባለ ስድስት ጎማ ተሽከርካሪ ይዘውልን መምጣትዎን አበሰሩን። ተሽከርካሪዋም ፀሐይ እንዳይመታት በባሕር ዛፎቻችን መጠለያ ተሠራላት። ወደፊት ሁለተኛዋ ስትመጣ ቦታ እንዳይጠባት በማለት አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት እንዲኖረው ያዘዙት እርስዎ ነዎት። ለመሻገሪያ የቆረጥነው እንጨት ለማይሻገር ነገር ጥላ ሲሆን በዓይናችን አየን።

2ኛ/ ስለ ምረቃው እናመሰግናለን። ልጆቻችን ገና ሲያይዋት «እንቁራሪት» ብለው ስም አወጡላት። እንቁራሪቷ በሁለት ዘንግ እንጂ በመሪ የምትነዳ አይደለችም፤ መሪ የሌላት መሆኗን ስናይ የጽሕፈት ቤትዎ ንብረት መሆኗን ያለ ሰነድ አመንን። እርስዎ ከፊት ተቀምጠው ሾፌሩ ቦሼ በቀበሌያችን የዓሣ እርባታ ኩሬ ላይ ሦስት ጊዜ አዞርዎት፤ ሰንደቅ ዓላማው ተውለበለበ፣ እኛም አጨበጨብን፣ ቁርጡም ከነዳጣው ቀረበ። በዚያው ዕለት መመሪያዋን አንብቤ «በረጋ ውሃ ላይ ብቻ» የሚል መስመር ስላገኘሁ ወንዛችን በክረምት ረግቶ እንደማያውቅ በጽሑፍ አሳወቅኩዎ። የተሰጠኝ መልስ የአመለካከት ችግር እንዳለብኝ የሚገልጽ ነበር። አመለካከቴን ለማስተካከል ብዙ ጥረት አደረግኩ፤ ወንዙ ግን የራሱን አላስተካከለም። በሐምሌ ወር ወንዙ እንቁራሪቷን አሽከርክሮ፣ ጀርባዋን ወደፊት አድርጎ ሲወስዳት፣ ቦሼንም እሷንም በገመድ ጎትተን ያወጣነው እኛው ነን።

3ኛ/ ስለ መለዋወጫው ጉዳይ ምን ብዬ ላመስግን? በዚያ የሐምሌ ዕለት የሞተሯን ኃይል ወደ ጎማዎቿ የሚያስተላልፈው የላስቲክ ቀበቶ፣ ቺንጋዋ፣ ተበጠሰ። ጋራዥ ያለው መልካሙ ከሶዶ ድረስ መጥቶ ካየ በኋላ፣ እንዲህ ያለውን ቺንጋ የሚሠራው አምራች ድርጅቷ ብቻ መሆኑን፣ እሱም እንቁራሪቷ ወደ እኛ ከመምጣቷ ከዓመታት በፊት መዘጋቱን ነገረን። እርስዎም ችግሩን በአካባቢ አቅም ለመፍታት ሲሉ የቀበሌው ወፍጮ ቺንጋ ተፈትቶ እንዲገጠምላት አዘዙ። ቺንጋው አልገጠመላትም፤ ተቀዶ ስለቀረም ወፍጮው አንድ ወር ቆመ፣ እናቶችም በቆሎ ተሸክመው በዚያው ወንዝ በኩል ተሻገሩ። ይህን ሁሉ ጽሕፈት ቤትዎ በዓመታዊ ሪፖርቱ «የተቀናጀ ጥገና» ብሎ ማስፈሩን ስናነብ እጃችንን በአፋችን ላይ ጫንን።

4ኛ/ ኦዲተር ሊመጣ በተሰማ ሰሞን ተሽከርካሪዋን «ከነሙሉ ንብረቷ በሙሉ ባለቤትነት» ለቀበሌያችን ያስተላለፉበት ባለ ማኅተም ደብዳቤ ደርሶናል። ስለ ልግስናዎ እግዚአብሔር ይስጥልን።

5ኛ/ አምስተኛውን በምስጋና መጻፍ ስላልቻልኩ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ሰባት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼን ይዤ ለክልላዊ ፈተና ወደ ሃላሌ ስሄድ ወንዙ ሞልቶ አገኘነው። ፈተናው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይጀመራል። ልጆቹ የታጠበ ዩኒፎርም ለብሰው፣ የፈተና መግቢያ ካርዳቸውን በላስቲክ ጠቅልለው፣ እርሳሳቸውን ቀርጸው እስከ አምስት ሰዓት ቆሙ። ከኋላችን እንቁራሪቷ በባሕር ዛፎቻችን ጥላ ሥር ደርቃ ተቀምጣለች። እኔ በክፍል ውስጥ በውሃም በየብስም ስለሚኖሩ እንስሳት የማስተምር ሰው፣ ለእነዚያ ልጆች በውሃም በየብስም የማይሄደውን ምን ብዬ እንደማስረዳቸው ጠፍቶኝ መሬት መሬት አየሁ። ክቡር ሆይ፣ አፍሬያለሁ። የአንድ ዓመት ትምህርታቸውን ውሃ በላው። ከሰባቱ ስድስቱ ትምህርቱን ትተው ሥራ ፍለጋ ወደ ሶዶና ወደ አረካ ሄደዋል።

አንዷ ብቻ ተመልሳ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ስሟ ትንሳኤ ነው።

የእርስዎን ደብዳቤ ገልብጬ አምጥቼ ለክፍሉ ሳነብ፣ «ትንሳኤ እስኪረጋገጥ ድረስ» የሚለው ላይ ስደርስ ይህች ልጅ ቀና ብላ፣ «ቲቸር፣ እኔ ነኝ የሚጠብቁት?» ብላ ጠየቀችኝ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ለመሳቅ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ምክንያቱም ፈተናው ዘንድሮም ሰኔ ላይ ነው፣ ዝናቡም ጀምሯል፣ ዘንድሮ ካመለጣትም አባቷ ከእንግዲህ ወደ ትምህርት ቤት እንደማይልካት በግልጽ ነግሮኛል።

ክቡር ሆይ፣ የቀበሌያችን ሰዎች አብዛኞቻችን ወንጌላውያን ነን፤ ኦርቶዶክስ ጎረቤቶችም አሉን። ትንሳኤን በመጠበቅ ሁለታችንም አንታማም። ሆኖም እስከ ዛሬ የምንጠብቀው የሰውን ትንሳኤ ነበር፤ የቺንጋን ትንሳኤ እንድንጠብቅ የታዘዝነው በእርስዎ ደብዳቤ ነው። ይህም ቢሆን ባሕር ማዶ ያለ አንድ ባለሀብት የሞተ ፋብሪካ ስም ስለገዛ የእኛ ልጆች ከወንዝ ማዶ የሚቀሩበት ምክንያት ውሃ አያነሳም። ባለሀብቱ ቢሳካለት፣ ፋብሪካው ቢከፈት፣ ቺንጋው በመርከብ ቢመጣ፣ ሾፌሩ ቦሼም እንደገና ለመሳፈር ቢደፍር፣ ወንዛችን ያው የሚሮጥ ወንዝ ነው።

ስለዚህ የድልድያችንን ጉዳይ ከይደር አውጥተው ከሰኔ በፊት እንዲወስኑልን፣ ይህ ቢያቅትዎ ደግሞ በፈተናው ዕለት ማለዳ በአካል ተገኝተው ስለ ዓለም አቀፉ የተሽከርካሪ ገበያ ሁኔታ ለትንሳኤ ወንዙ ዳር ማብራሪያ እንዲሰጧት በትሕትና አመለክታለሁ።

የጽሕፈት ቤትዎን ትዕግሥት ከልብ የሚያደንቅ፣ የአመለካከት ችግሩ እስከ አሁን ያልተቀረፈለት፣ ከወንዝ ማዶ ሆኖ እጅ የሚነሳዎ ታዛዥዎ፣

ኢሳይያስ ጩማ፣ መምህር

ግልባጭ፦
ለቀበሌያችን አስተዳደር
ለአምራች ድርጅቱ፣ ከተነሳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ወደ ሶዶ የሚወስድልኝ ሰው ሳጣ ስምንት ቀን አለፈ። በመካከሉ አቶ ኤርሳዶ የርክክብ ደብዳቤዎን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። «ከነሙሉ ንብረቷ በሙሉ ባለቤትነት» የሚለውን ሁለት ጊዜ ካስደገሙኝ በኋላ፣ «እሷ የእኛ ከሆነች ቤቷስ የማን ነው?» አሉ። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ መመሪያ ስላላገኘን ቅዳሜ ዕለት መጠለያውን አፍርሰን ባሕር ዛፎቻችንን አወረድን። ለሁለተኛዋ ተሽከርካሪ ሲባል ሳይቆረጡ የቀሩት የጣሪያው ማገሮች አሥራ ሁለት ሜትር ናቸው፤ ወንዙ በጠባቡ በኩል ዘጠኝ ሜትር ነው። ከእንቁራሪቷ አፍንጫ ላይ ደግሞ የመጎተቻውን የብረት ገመድ ፈትተን ለእጅ መያዣ በድልድዩ ዳር ወጠርነው። ስለዚህ እንቁራሪቷ ሰው አሻግራለች ብለው በዘንድሮው ሪፖርት ቢጽፉ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ይሆንልዎታል። ሰኞ ጠዋት ትንሳኤ የፈተና መግቢያ ካርዷን ልታመጣ ወደ ሃላሌ ተሻግራ፣ ከቀትር በኋላ ጫማዋ ሳይረጥብ ተመልሳለች። ለእርስዎ ጽሕፈት ቤት ይህ ማረጋገጫ ይበቃው እንደሆነ አላውቅም። እንቁራሪቷ ፀሐይ ላይ ናት፤ ድርጅቱ የተነሳ ዕለት መጥተው ይውሰዷት። ሲመጡ ግን በድልድዩ ይለፉ፤ አቶ ኤርሳዶ ከእንግዲህ ባለሥልጣን አያዝሉም።