የሽብሩ ፋሻ

ማክሰኞ፣ የካቲት 3
የደንበኛዋን መጋረጃ ጨረስኩ። ልተኩሰው ስል ጩኸት ሰማሁ። ሽብሩ ድመት አይቶ ከደረጃው ዘሎ ወድቋል። አምስት ወር ያልሞላው ቡችላ! ግራ የፊት እግሩን አንጠልጥሎ ቤቱን በለቅሶ አናጋው። ታቅፌው ሐኪም ጋ በረርኩ።
"ስብራት የለውም፣ ወለም ብሎት ነው። ሁለት ሳምንት እንዳይዘል፣ እንዳይሮጥ" አለኝ ሐኪሙ፣ ፋሻውን እየጠቀለለ። ሽብሩ? እንዳይሮጥ? ሳቄ መጣ።
ማታ ወንድሜ፣ "አንቺ አለሽለት እታለም፤ መቼም ቤት ነው የምትውይው" አለኝ። ስፌቱ ሥራ አይደለም ለካ! ባሌ ሞቶ እዚህ ከገባሁ ስድስት ዓመቴ። "አንቺ አለሽ" ያልተባልኩበት ነገር የለም።

ሐሙስ፣ 5
ከስፌት መኪናው ጋር አሰርኩት። ገመዱን በላው። በሌላ አሰርኩት። የመጋረጃውን ጫፍ በላው። ልቆጣው ስል ጆሮውን ጥሎ አየኝ... አንጀቴን በላው።

ቅዳሜ፣ 7
ፋሻውን ስቀይርለት እጄን ይልሰኛል። ሰው እጄን ከያዘኝ ስንት ጊዜዬ ነው? አላስታውስም።

ሰኞ፣ 9
እራት ላይ ወንድሜ፣ "እግሩ ሲድን መጋዘኔን እንዲጠብቅ እወስደዋለሁ። የዚያኛው ውሻ ጉልበት አልቋል" አለ።
"እሰይ! ምንጣፌን ጨረሰው እኮ" አለች ሚስቱ።
"ገና ልጅ ነው..."
"እዚያ ያድጋላ!" ተሳሳቁ።
መጋዘኑን አውቀዋለሁ። ክንድ የማይሞላ ሰንሰለት። አሮጌው ውሻ አንገቱ ላይ አንድ ፀጉር የለውም። "ተውልኝ" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሳህኖቹን አነሳሁ።

ማክሰኞ፣ 17
ሁለት ሳምንቱ ሞላ። ፋሻውን ፈታሁት። ክፍሌን ሦስት ጊዜ ዞሮ አልጋዬ ላይ ወጣ። ድኗል!
በሩን ቆለፍኩና መልሼ ጠቀለልኩት። ጠበቅ አድርጌ።
"እንዴት ሆነ?" አለ ወንድሜ ሲገባ።
"ገና ነው።"
ዓይኑን እያየሁ ዋሸሁት። ደስ አለኝ እንጂ አላፈርኩም።

ዓርብ፣ 20
"ገና ነው።"

ሰኞ፣ 30
ዛሬ መሬት አልረግጥም አለ። የእውነት እያነከሰ ነው። ብፈታው እግሩ ተልጧል፣ ከሌላውም ቀጥኗል። ሐኪሙ ጋ ስደርስ ላብ አጥምቆኛል።
"ወለምታው ከዳነ ቆይቷል። ያሳመመው ፋሻው ነው። እስካሁን ለምን አሰሩት፣ እናቴ?"
ምን ልበለው? እንዳይወስዱብኝ? ከወንድሜ በምን ተሻልኩ? ጠልቼው ቢሆን እንኳ እንዲህ አላደርገውም ነበር።
ቅባት ሰጠኝ። በየቀኑ እንዳራምደው ነገረኝ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 8
ቁስሉ ደርቋል። መንገድ ላይ እሱ ይጎትታል፣ እኔ እከተላለሁ። አላፊ አግዳሚው ይስቅብኛል። ይሳቅ።
ለወንድሜ ራሴ ነገርኩት። "ድኗል። ግን ተውልኝ። እኔ ላሳድገው።" በስድስት ዓመት የለመንኩት የመጀመሪያው ነገር ነው።
"እታለም ደግሞ! የት ልታሳድጊው? በእኔ ቤት?" ብሎ ሳቀ። ክፋት የለውም፣ እየቀለደ ነው። በእኔ ቤት... ለካ እስከዛሬ ቤታችን ስል ብቻዬን ነበርኩ።

ቅዳሜ፣ 12
ወንድሜ የመኪናውን በር ከፈተ። ይዤ ላስገባው ጎንበስ ስል ሽብሩ አምልጦኝ ዘሎ ገባ። በአራቱም እግሩ። በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ጅራቱን ይቆላል። ሽርሽር መስሎታል።
"አየሽ? ደስ ብሎት ነው የሚሄደው" አለ ወንድሜ። ሄዱ።
የመኪናውን በር የዘጋሁት እኔ ነኝ። ስፌት መኪናው ጋ ተቀመጥኩ፤ መርፌው ውስጥ ክር ማስገባት አቃተኝ። አለቀስኩ።
ከሰዓት ነጠላዬን ደርቤ ደላላው ጋ ሄድኩ። የሚከራይ አንድ ክፍል አልኩት።
"ለብቻዎ ነው?"
"ለብቻዬ ነው። ግን ግቢ ይኑረው።"