ሁለት ሰው የሚያነብልሽ ደብዳቤ

ለምወድሽ እናቴ ለወይዘሮ ሸዋሉል፤
ቶንጎ።

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ክረምቱስ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽ በዚህ ብርድ አላስቸገረሽም? ጣሪያው ዘንድሮም ያንጠባጥባል ወይስ ተከደነ? በቆሎውስ እሸት ደረሰ? እኔ ናፍቆትሽ ከመጽናቱ በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ዓይንሽን ግን ለይቼ እጠይቅሻለሁ። ዓይንሽ እንዴት ነው? ለምን እንደምጠይቅሽ ወደ ታች ትሰሚዋለሽ።

ይህን የሚያነቡልሽ አጎቴ ጋሼ ደባልቄ እንደሆኑ አውቃለሁ። አባቴ ከሞተ ወዲህ የሚመጣልሽን የሚያነቡልሽም፣ የምትይውን የሚጽፉልሽም እሳቸው ናቸው። ጋሼ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እባክዎ ቀስ ብለው ያንብቡላት፤ የማይጥምዎ ቦታ ሲደርሱም አይዝለሉ።

እማዬ፣ የማትሪክ ውጤቴ ሦስት ነጥብ አራት መጣ። ለዩኒቨርሲቲ ይበቃል፤ ይተርፋልም። ነርስ እንደምሆን ድሮም ታውቂያለሽ፤ የቀረው የት ልማር የሚለው ነበር። ክልላችን በከፈተው የጤና ኮሌጅ ከሆነ ሁለት ዓመት ተምሬ በዲፕሎማ እወጣለሁ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከሄድኩ አራት ዓመት ነው፤ በዲግሪ እመለሳለሁ። ፎርሙ ላይ ጅማን አንደኛ አድርጌ ሞላሁ።

በዚያው ሳምንት በስምሽ የተጻፈ ደብዳቤ ደረሰኝ። «ልጄ ሆይ፣ ዓይኔ እየጠፋ ነው። ጅማ ከሄድሽ ፊትሽን ሳላይ መቅረቴ ነው። ኮሌጁን ምረጪ፤ ቶሎ ጨርሰሽ ቶንጎ ክሊኒክ ግቢልኝ» ይላል።

አለቀስኩ። ጅማን በላጲስ ፍቄ ኮሌጁን ጻፍኩ። በማግስቱ ኮሌጁን ፍቄ ጅማን መለስኩ። ደግሞ ፋቅሁት። ቁጭ ማለት አቃተኝ። ከትምህርት ቤቱ እስከ ገበያው ስመላለስ የሰፈሩ ውሾች እንኳ ለምደውኝ መጮህ ተዉ። ፎርም የሚቀበለው ሰውዬ ወረቀቴን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየና «እህቴ፣ ይሄ ፎርም ነው ወንፊት?» አለኝ።

ቤት አብራኝ የተከራየችው የመንጌ ወረዳ ልጅ ዐፊፋ ኮሌጁን መርጣለች። «አንቺ ጅማ ደብተር ስታገላብጪ እኔ ግማሽ አሶሳን አዋልጄ እጠብቅሻለሁ» እያለች ትስቅብኛለች። እውነቷን ነው። እናቷ በወሊድ ነው የሞተችባት፤ መንደራቸው ውስጥ እስከ ዛሬ አንድ ነርስ የለም፤ ስለዚህ ቶሎ መድረስ ትፈልጋለች። በገዛ ልቧ ስለመረጠች እኮራባታለሁ። ኮሌጁን የናቅኩ እንዳይመስልሽ። ብቻ እዚያ የሚያስተምሩት ከሌላ ክልል ተመድበው የመጡ ናቸው፤ ዝውውር ሲያገኙ ይሄዳሉ፤ አይፈረድባቸውም። ዐፊፋን የመሰሉትን የሚያስተምር እዚሁ የሚኖር ሰው ያስፈልጋል። እኔ እሱን መሆን ነው የምፈልገው። ለዚያ ደግሞ ዲግሪ ይጠይቃሉ።

ሻዕባንን ታውቂዋለሽ፤ ከአሶሳ ቶንጎ ጨውና ሳሙና የሚያመላልሰው ነጋዴ። ያንን ደብዳቤ ለአከራያችን ሰጥቶ ሄዶ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ሲመለስ አገኘሁትና የዓይንሽን ነገር ጠየቅኩት። ሳቀብኝ። በዚያ አንቺንም ወንድ በሚያደርግ አማርኛው «የምን ዓይን? እናትሽ ገበያ መሀል ቆሞ መርፌ ውስጥ ክር አስገባ፤ አንዴ ብቻ! እኔ ሦስቴ ሳትኩ፤ ሰደበኝ፣ ወላሂ» አለኝ። ደብዳቤውን ስታስጽፊም በራችን ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበርና የተናገርሽውን ሰምቷል። «እኔ ደህና ነኝ፤ ልጄ እግሯ እስከወሰዳት ትሂድ» ነበር ያልሽው። ወረቀቱ ላይ ግን ይህ ቃል የለም።

ጋሼ፣ እዚህ ላይ ድምፅዎን እንዳይቀንሱ። ሀ ሁን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ አመድ በትነው በጣትዎ እየጻፉ። «ፊደል አይዋሽም» ይሉኝ ነበር፤ አመንኩዎ። ለክሊኒኩ ኃላፊ «የወንድሜ ልጅ ነርስ ሆና ትመጣልሃለች» ብለው ቃል መግባትዎን ሰምቻለሁ። «ዲግሪ የያዘች ሴት ማን ደፍሮ ያገባታል» ማለትዎንም ሰምቻለሁ። የማይደፍር ይቅርብኝ፣ ጋሼ። በእናቴ አፍ መናገርዎ ግን አንጀቴን አሳርሮታል።

እማዬ፣ ዋናው ነገር ይህ ነው። ኮሌጅ የሚገባ ተማሪ ክልሉን አምስት ዓመት ሊያገለግል ውል ይገባል፤ ወላጁም ዋስ ይሆናል። ጋሼ በወረዳው ኮታ ቦታ አስይዘውልኝ የዋስትናውን ወረቀት ወስደዋል። የቀረው ያንቺ አውራ ጣት ብቻ ነው። ጣትሽ ካረፈበት ስሜ ከዩኒቨርሲቲው ዝርዝር ይሰረዛል። የማኅተም ቀለም ይዘው መጥተው የግብር ነው፣ የእርዳታ ነው ቢሉሽ ጣትሽን እንዳታስነኪ። እኔ አዲስ ፎርም ተቀብዬ ጅማን አንደኛ አድርጌ በእስክሪብቶ ሞልቻለሁ። እስክሪብቶ በላጲስ አይለቅም።

ይህን ደብዳቤ ሁለት አድርጌ ጽፌዋለሁ፤ ቃል በቃል አንድ ነው። አንዱ ጋሼ እጅ ነው። ሌላውን ሻዕባን ለመምህርት የሺሀረግ ይሰጣታል፤ ከጎጃም ተመድባ ለመጣችው። ጋሼ ይህን ቢዘሉት እንኳ ወደ እሷ እንድትሄጂ ሻዕባን በአፉ ይነግርሻል። መጀመሪያ ጋሼ ያንብቡልሽ፤ ከዚያ መምህርቷ ጋ ሂጂና እንደገና ስሚው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ቃል ካነበቡልሽ ጋሼን ይቅር በያቸው፤ እኔም ይቅር ብያቸዋለሁ። ከተለያየ ግን ማን ምን እንዳጎደለ በጆሮሽ ሰምተሻልና እኔ አልጨምርበትም።

በመምህርቷ ቅጂ ግርጌ ባዶ ቦታ ትቻለሁ። ከመረቅሽኝ አውራ ጣትሽን እዚያ አሳርፊና በሻዕባን ላኪልኝ። ማንም ሳይጽፍልሽ የምትልኪልኝ የመጀመሪያ ደብዳቤ ይሆናል። ባይመጣም እሄዳለሁ፤ ብቻ የጅማ መንገድ ይረዝምብኛል።

እህቴን ሐኒን ሳሚልኝ፤ ፊደል ትቁጠር በያት፤ ከእንግዲህ ቤታችን አንድ አንባቢ አይበቃውም። ለጎረቤታችን ለእትዬ ፍሬሕይወት፣ ለጋሼ ባለቤትና ለልጆቻቸው ሁሉ በየስማቸው ሰላም በይልኝ። ለጋሼ ደባልቄም፣ እስከዚህ ድረስ ካነበቡልሽ፣ ከመቀመጫሽ ተነሥተሽ የከበረ ሰላምታዬን ስጪልኝ።

ልጅሽ ዘመናይ
አሶሳ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1994 ዓ.ም.