ቢጫ አልቆብኛልና ጥቁር አላትምም ስላለው ማሽንዎ

ለተከበሩ የቀለም ካርትሪጅ ንድፍ መምሪያ ዋና ኃላፊ፣
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? ቤተሰብዎስ፣ የመምሪያው ባልደረቦችስ ደኅና ናቸው? ዓይንዎንስ ደኅና ነዎት ወይ? ስለ ዓይን ለይቼ የጠየቅሁት ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ወደ በኋላ ይረዱልኛል። ማሽንዎም እግዜር ይመስገን በጣም ደኅና ነው፤ መብራቱ ይበራል፣ እንደ ልቡ ያጉረመርማል፣ ማተም ብቻ ነው እምቢ ያለው። በአደባባይ መጻፌን ድፍረት አያድርጉብኝ፤ በስልክ ብሞክር ብሞክር ሙዚቃዎን እንጂ እርስዎን ላገኝዎት አልቻልኩም።

እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ለልጆች ሥዕል ሳስተምር የኖርኩ ሴት ነኝ። አባቴ በአንድ ማተሚያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት በአራሚነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በዚያው ማተሚያ ቤት የእሳቸው አንባቢ ነበረች፤ ማለትም እሷ ረቂቁን ከነአራት ነጥቡ፣ ከነነጠላ ሰረዙ ጮክ ብላ ስታነብ እሳቸው ለኅትመት ፊደሉ የተለቀመውን ገጽ በዓይናቸው እየተከተሉ ስሕተቱን ያወጡ ነበር። ትዳራቸውም የተጀመረው በዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። በዚያ የእርማት ክፍል ውስጥ የማይሻር ሕግ ነበር፤ አንባቢዋ የቱንም ያህል አጥርታ ብታነብ አራሚው በገዛ ዓይኑ ያላየውን ገጽ «ይታተም» ብሎ አይፈርምም፣ ያልተፈረመም ገጽ ከክፍሉ ንቅንቅ አይልም።

እናቴ ስትሞት አንድ ደብተር ትታ ሄደች። ስለ ሥራቸው፣ ስለ ትዳራቸውና ስለ አባቴ የጻፈችው ነው። አባቴ ዓመት ሙሉ ከትራሳቸው ሥር አድርገውት ሊከፍቱት አልደፈሩም፤ ሲደፍሩ ደግሞ የዓይናቸው ብርሃን ከመካከሉ እየጠፋ መጣ። ሐኪሙ፣ ፊደሉ አውራ ጣት አክሎ በደማቅ ጥቁር ከታተመላቸው ለጥቂት ሳምንት ማንበብ እንደሚችሉ፣ ከዚያ በኋላ ግን ቃል መግባት እንደማይችል ነገረን። የኮምፒውተሩ ብርሃን እንባቸውን ያወርደዋል። እኔ ላንብብልዎት ብላቸው «ያላየሁትን አልፈርምም» አሉኝ፣ በቃ፣ አለቀ። ስለዚህ ደብተሩን በኮምፒውተር በትልልቅ ፊደል ጻፍኩት፣ ዘጠና ገጽ ሆነ፣ የእርስዎንም ማሽን በደስታ ገዛሁ።

አባቴ በቀን ስድስት ሰባት ገጽ እያነበቡ፣ የእናቴን ነጠላ ሰረዝ ሳይቀር እያረሙ (ሞታም አልማሯትም)፣ ከግርጌው እየፈረሙ ስልሳ አንደኛው ገጽ ላይ ደረሱ። ስልሳ ሁለተኛውን ላትም ስል ማሽንዎ «ቢጫ ቀለም አልቋል» ብሎ ቁጭ አለ። እነሆ ቅሬታዎቼን፣ ቅሬታ ማለቱ ነውር ከሆነ ምስጋናዎቼን፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ በዘጠናው ገጽ ውስጥ አንዲት ጠብታ ቢጫ የለችም። በክፍሌ ውስጥ ቢጫ የጨረሰ ልጅ ፀሐይዋን ትቶ አጥሩን በጥቁር ይሥላል፤ ቢጫ እስኪመጣ እጅህን አጣጥፈህ ተቀመጥ ያልኩት ልጅ እስከ ዛሬ የለም። የማስተማር ዘዴዬ ምን ያህል ኋላ ቀር እንደሆነ ስላሳዩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

፪ኛ፦ ቢጫውስ የት ገባ? ይህን የነገረን በሰፈራችን ካርትሪጅ በመርፌ የሚሞላው፣ ስሙም በዚያው «መርፌው» ሆኖ የቀረው ጠጋኝ ነው። ገና ሳይከፍተው «ሥራ ስትጨርሱ ከሶኬት ትነቅሉታላችሁ እንዴ?» ብሎ ጠየቀን። እንዴታ! አባቴ እሳት በሚፈራበት ማተሚያ ቤት ውስጥ ያረጁ ሰው ናቸው፤ የዕለቱን ገጽ ፈርመው ሲነሡ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ ሶኬቱን የሚነቅሉት ራሳቸው ነበሩ። ለካስ ማሽንዎ በተሰካ ቁጥር አፉን ለመታጠብ ከቀለሙ ሁሉ ይጎነጫል። ይህም በመመሪያው መጽሐፍ ገጽ መቶ አርባ ሦስት ላይ ጤነኛ ዓይን ላለው ሰው በሚበቃ መጠን ተጽፎ ተገኝቷል። አባቴ ይህን ሲሰሙ «በገዛ እጄ ነው የደፋሁት» አሉ። ጥንቃቄን ጥፋት ማድረግ ቀላል ጥበብ አይደለምና አደንቅዎታለሁ።

፫ኛ፦ መርፌው ቢጫውን ቢሞላልን ማሽንዎ «ይህን ካርትሪጅ አላውቀውም» አለ። ትናንት ከጎኑ ያደረ ካርትሪጅ እኮ ነው! ካርትሪጁ ላይ ከጥፍር የምታንስ ቺፕ እንዳለች፣ እሷም ውስጡ ያለውን ሳይሆን የቆጠረችውን ብቻ እንደምታምን፣ አንዴ አለቀ ካለች ደግሞ ባሕር ቢጨመርላት ቃሏን እንደማታጥፍ መርፌው አስረዳን። እንዲህ ያለ አቋም በሰውም ዘንድ ብርቅ ነው።

፬ኛ፦ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛዎ፣ ድምፅዋ እንደ ማር የሆነች ልጅ፣ ዋናው ቢጫ በሁለት ቀን እንደሚደርስ ነገረችኝ። በሁለት ቀኑ ስደውል በሁለት ቀን ይደርሳል አለችኝ። እንዲህ በሁለት ቀን በሁለት ቀን አሥራ አራት ቀን ሞላን። ሌላ ቦታ ለምን አላሳተምሽም ይሉኝ ይሆናል፤ አባቴ ያልተፈረመ ገጽ ከቤት አይወጣም አሉ፣ የሚስታቸውንም ቃል ባዕድ ሰው ቀድሟቸው እንዲያየው አልፈለጉም። በእጅሽስ ለምን አልጻፍሽም ካሉኝ፣ በሁለት ቀን ይመጣል ስባል አምኜ ቁጭ አልኩ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

፭ኛ፦ ስለ ዋጋው ምንም አልልም። የምለው ጠፍቶኝ ግን አይደለም።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ቢጫው መጣ። ማሽንዎ በደስታ አፉን ደጋግሞ ታጠበና ስልሳ ሁለተኛውንና ስልሳ ሦስተኛውን ገጽ ካተመልን በኋላ፣ በዚያው ቀን ደግሞ «ጥቁር ቀለም አልቋል» አለ። አባቴ ጥቁሩን ካርትሪጅ አምጪው አሉኝ። በመዳፋቸው መዘን መዘን አደረጉትና «ይኼ ባዶ አይደለም» አሉ፤ የወረቀት ቢላቸውን አስመጥተው ጎኑን ሲሰነጥቁት ውስጡ ያለው ስፖንጅ ቀለሙን በጣቶቻቸው መካከል እስከ እጅጌያቸው ድረስ ለቀቀው። በሕይወታቸው ሰው ሲሰድቡ ሰምቻቸው አላውቅም። ወደ ማሽኑ ዞረው «ውሸታም!» አሉት።

ቀለሙን በብርጭቆ ጨምቄ፣ ብሩሼን አንሥቼ፣ ከስልሳ አራተኛው ገጽ ጀምሮ በእጄ ጻፍኩላቸው። እስከ ሰማንያ አራተኛው ድረስ አነበቡ፣ አረሙ፣ ፈረሙ። በማግስቱ ጠዋት ሰማንያ አምስተኛውን ስሰጣቸው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ አቅርበው፣ አርቀው ሲያበቁ «ልጄ፣ ባዶ ወረቀት ሰጠሽኝ» አሉ።

ወረቀቱ ባዶ አልነበረም።

የቀሩትን ስድስት ገጾች እንደ እናቴ ከነአራት ነጥቡ፣ ከነነጠላ ሰረዙ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አዳመጡኝና «ጥሩ አንባቢ ወጥቶሻል» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። አልፈረሙም። ስድስት ገጽ ማለት የአንድ ቀን ንባባቸው ነበር፤ እርስዎ ዘንድ አሥራ አራት ቀኖቻችን አሉ። የማያስፈልግዎት አንድ ቀን ቢተርፍ እንኳ ሊመልሱልን እንደማይችሉ ስለማውቅ አልጠይቅዎትም።

ዓይንዎን አምላክ ይጠብቅልዎ፤ የሚወዱት ሰው የጻፈልዎትን ሁሉ እስከ መጨረሻው ገጽ ለማንበብ ያብቃዎ፤ ቺፕዎም የቀንዎን ቁጥር ከእውነተኛው ሳታሳንስ ትቁጠርልዎ እያልኩ፣ ለሰጡኝ ትምህርት ከወገቤ ጎንበስ ብዬ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የአራሚው ልጅ፣
የደንበኛ ቁጥሬን ሠራተኛዎ በቃሏ ታውቀዋለች።

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ማሽንዎ አልቋል ባለው ጥቁር ቀለም ነው። ስፖንጁ ገና አልደረቀም፤ ለእርስዎ ሁለተኛ ደብዳቤ ቢያስፈልግ ይበቃል። ቢጫውን ካርትሪጅ ግን አንድ ፊደል እንኳ ያላተመልን ስለሆነ ከዚህ ጋር መልሼልዎታለሁ። ሲረከቡ እባክዎን በዓይንዎ አይተው ይፈርሙ።