እጄ አየር ላይ ሳለ ስለሚያንቀላፋው ኮምፒዩተር

ለሆስፒታላችን የኮምፒዩተርና ኔትወርክ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ሲነቁም ሁሉም ነገር ትተውት በተኙበት ቦታ የሚጠብቅዎ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ ይህ ዕድል ለእኔ ኮምፒዩተር አልተሰጠውምና።

እኔ ሦስተኛ ፎቅ ጥግ ላይ ባለችው ጠባብ ክፍል የምሠራ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ነኝ። ሐኪሙ አጠገቤ ተቀምጦ ይናገራል፤ እኔ ቃሉን በእጄ አሳያለሁ፤ መስማት የተሳነው ታካሚ ከቤቱ ሆኖ በቪዲዮ ያየኛል። ክፍልዎ መብራት ለመቆጠብ ባወጣው መመሪያ መሠረት ግን ኪቦርዱና ማውሱ ለጥቂት ደቂቃ ካልተነኩ ኮምፒዩተሩ ይተኛል፤ ሲተኛ ኔትወርኩን ይለቃል፤ ሲነቃም ከእናንተ አዲስ ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ እንደ ባዳ በር ላይ ይቆማል። ስለ ጥንቃቄው እያመሰገንኩ የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. እጄ ሥራ ላይ ሲሆን አየር ላይ ነው። ስለዚህ ይበልጥ በሠራሁ ቁጥር ኮምፒዩተሩ ወንበሩ ላይ ሰው የለም ብሎ ይደመድማል።

፪. መላ ባገኝ ብዬ በየንግግሩ መጨረሻ ማውሱን በግራ ክርኔ መጎሰም ጀመርኩ። ታካሚዎቼም የሆስፒታሉ የአክብሮት ምልክት መሰላቸው። አንድ አዛውንት አናጢ አሁን ሐኪሙን ሲያመሰግኑ አየሩን በክርናቸው ይጎስማሉ፤ ለልጅ ልጆቻቸውም አስተምረዋል አሉ። ቋንቋችንን ስላበለጸጉልን ምስጋናችን ወሰን የለውም።

፫. ባለፈው ሰኞ ከአንዲት ነፍሰ ጡር ልብስ ሰፊ ጋር ነበርን። ከዚህ በፊት የፀነሰችው አልበረከተላትምና ዓይኗ ከእጄ አልተነቀለም። ሐኪሙ ምርመራውን በረጅሙ ሲያስረዳ ሁለቱም እጆቼ ተይዘው ክርኔም ፋታ አጥቶ ነበር። በመጨረሻ የልጅሽ ልብ ደህና ይመታል አላት። ልጅሽ ብዬ ሆዴን፣ ልብ ብዬ ደረቴን እንደነካሁ ስክሪኑ ጠቆረ።

ኮምፒዩተሩን ብቀሰቅሰውም ኔትወርኩ አላወቀውም። በጠረጴዛዬ ስልክ ወደ ክፍልዎ ስደውል ፈቃድ ሰጪው ስብሰባ ላይ መሆናቸው ተነገረኝ፤ እስከዚያው ለታካሚዋ በስልክ ደውዬ እንዳስረዳት ተመከርኩ። ምክር አይናቅምና ደወልኩ፤ ስልኩ እስኪደክመው ጮኸ። ባሏም እንደ እሷ አይሰማም። መልእክት እንዳልጽፍላት ፊደል አልቆጠረችም፤ በራሴ ስልክ በቪዲዮ እንዳልፈልጋት በመመሪያዎ መሠረት ስልኬን ማለዳ በር ላይ ጥበቃው ተረክቦኛል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ፈቃዱ አመሻሽ ላይ ሲደርሰን ሴትዮዋ በሁለት አውቶቡስ ከተማውን አቋርጣ በራችን ላይ ቆማ ነበር። እጇ ደረቷ ላይ ነበር። ያቋረጥኩባትን ቃል እንደያዘች ነው የመጣችው። ልጁ ደህና መሆኑን ደጋግሜ ነገርኳት፤ አልቅሳ አመነችኝ፤ እኔም አለቀስኩ። ክቡር ሆይ፣ አንጀቴ አርሯል።

በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቀጠሮ አላት፤ በምጥ ትውለድ ወይስ በቀዶ ጥገና የሚለውን ሐኪሙ ያኔ ይነግራታል። ለዚያች ግማሽ ሰዓት ብቻ ኮምፒዩተሩ እንዳይተኛ ደጋግሜ አመልክቻለሁ፤ መልሱ ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው የሚል ነው። ከዚህ በላይ ምን ማድረግ እንደምችል አላውቅም።

ሁለት እጆቼን ለታካሚዎቼ፣ ግራ ክርኔን ለመመሪያዎ አስገዝቼ፣ ከወንበሬ ብድግ ብዬ እጅ እየነሣሁ የምሰናበትዎ፣
የሦስተኛው ፎቅ አስተርጓሚ

ከፊርማው በታች፦ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በዚያው ኮምፒዩተር ነው። ስለ እርስዎ ሳማርር አንድ ጊዜም አላንቀላፋም፤ የሚተኛው ስሠራ ነው። ልብስ ሰፊዋም ያን ምሽት ስንለያይ ለቀጠሮዋ በሁለት አውቶቡስ ራሴ እመጣለሁ ብላለች። ቀኗ ተቃርቧልና አትምጪ ልላት እጄን አንሥቼ ነበር፤ ከዚያ ስክሪኑን አየሁና እጄን አጣጠፍኩ።