ከቦርከና ያመጣሁት ዓሣ

ሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017፤ ከሚሴ

የልጄ የዘሃራ ዓሦች አለቁ። ከቦርከና ወንዝ አንድ ዓሣ ባመጣሁላት ቀን፣ «አባ፣ በሽታ እንዳያጋባብኝ መጀመሪያ ለብቻው በሳፋ ያቆዩት» ብላኝ ሰንበቴ ከተማ ዘመድ ጥየቃ ሄደች። እንግዳ በቤቴ ለብቻው ተቀምጦ አያውቅም ብዬ፣ ወዲያው ከዓሦቿ ጋር የመስታወት ገንዳቸው ውስጥ ጨመርኩት።

ዛሬ ስትመለስ ከወንዙ ዓሣ በቀር የተረፈ አልነበረም።

«አባ፣ ሳፋ ውስጥ አላቆዩትም እንዴ?»

«አቆይቼዋለሁ» አልኳት። ዋሸሁ።

«እንግዲያው ውሃውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ብላ አለቀሰች።

«የአላህ ፈቃድ ነው» አልኩ። በአላህ ስም መሸሸጌ ከውሸቱ ይልቅ ከበደኝ።

አሁን ጓሮ ተቀምጣ ገንዳውን እያጠበች ነው። እውነቱን ልነግራት ተነስቼ አጠገቧ ቆምኩ።

«ምን ፈለጉ አባ?» አለችኝ።

የምጠጣው ውሃ ስጪኝ አልኳት።