ያልነበረችው «ት»

ለእህቴ ለሪሀና፣ ወራቤ።

ከአላህ ዘንድ ሰላምና ጤና ለአንቺም ለልጆችሽም ይዝነብላችሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ በማስክ ተሸፍኜም ቢሆን እንዳማረብኝ ነኝ። «ማን ጻፈለት?» እንዳትዪ፤ እዚህ በሰው አገር የሜይፌር ሰፈር የማታ ትምህርት ያፈራው ወንድምሽ ሱፊያን ራሱ ነው!

እታለም፣ አሸነፍን! እህታችንን ሙርሺዳን የደፈረው ሰውዬ ከተፈረደበት በኋላ ይግባኝ ብሎ ነበር። ጠበቃው «ራሷ 'ዝም አልኩት' ብላለች፤ ትታዋለች፣ ፈቅዳለች ማለት ነው» አለ። የቃሏ የእንግሊዝኛ ትርጉምም እንደዚያ ይላል። እኔ ግን እህታችን ለፖሊስ በእጇ የጻፈችውን አማርኛ ጣቴን ከፊደሉ ሥር እየጎተትኩ አነበብኩት። «ደንግጬ ዝም አልኩ» ይላል፣ ከዚያ አራት ነጥብ! ለአቃቤ ሕጓ «ሲስ፣ 'አልኩት' ያሰኘችው 'ት' የት አለች?» አልኳት። እሷም ሌላ አስተርጓሚ አስመጣች። ዳኞቹ ክርክሩን በኮምፒውተር ሰምተው ትናንት ይግባኙን ውድቅ አደረጉት። አስተማሪዬ በአንዲት ፊደል ሳምንት ሙሉ ሲያለፋኝ አምቼው ነበር፤ ኮሮና ባይኖር ዛሬ እጁን እስመው ነበር።

ሱቃችንን አሁን የምከፍተው እኔ ነኝ፤ ሙርሺዳ ከጓሮ ዕቃ ትደረድራለች። በቀልዴ የማይስቅ ደንበኛ የለም፣ እሷን ግን ገና እየሞከርኩ ነው። «ሙርሺዳም ሰላም ብላሻለች» ብዬ ልጽፍ ስል እስክሪብቶውን ቀማችኝ፦

«እታለም፣ ደህና ነኝ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድም ፊደል አልጎደለውም። አንቺ ግን እንደወትሮው ጁምዓን ሳትጠብቂ ደውይላት።

ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በይልኝ።

ከእንግዲህ በጣት አሻራ የማይፈርመው ወንድምሽ፣
ሱፊያን