መንዝን ለዓለም በነጻ

ብሥራተ ገብርኤል፣ አዲስ አበባ
ሚያዝያ 20 ቀን 1990 ዓ.ም.

ሚሳዬ፣ የዓይኔ ብርሃን፣

ከሀምቡርግ የላክኸው ደብዳቤ በፋሲካ ማግስት ገባልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል። የበግ ዋጋ ሰማይ ስለነካ በዶሮ ጾማችንን ፈታን።

አንተ የምትጠብቀው ግን የአባትህን ነገር ነው። «ስሜን ጠራ ወይ?» ብለሃል። ትምህርትህን ጨርሰህ አልመለስም ካልህ ወዲህ ስምህ በዚህ ቤት እንዳይነሳ ማለቱን ታውቃለህ። እነግርሃለሁ፤ ታገሠኝ።

አምና ስለ መንዝ ጽፌ ለዓለም በነጻ ላወጣ ነውና የዘር ቆጠራ ላኪልኝ ስትለኝ አባትህን መጠየቅ ስላልደፈርሁ ወደ ዘመዱ ወደ ጋሽ ሕዝቅኤል ሄድሁ። የአገራችንን ሽማግሌ መቼም ታውቀዋለህ፤ ርስት በዘር ተቆጥሮ በሚካፈልበት አገር ያደገ ሰው አያቶቹን ለባዳ አይዘረዝርም። «ለዓለም? ያውም በነጻ? ነገ አንዱ ከአያትህ እወለዳለሁ ብሎ መሬት አካፍሉኝ ቢለንስ!» ብለው ተቆጡ። «ጋሼ፣ መሬቱን እኮ አዋጅ ከወሰደው ቆየ» ብላቸው፣ «አዋጅ ይመጣል ይሄዳል፤ አጥንት ባለበት ነው» አሉኝ። ስለምናቸው ሰንብቼ በመጨረሻ ነገሩኝ፤ እኔም እንደነገሩኝ ላክሁልህ።

አሁን ደግሞ የጎረቤታችን የወይዘሮ አምሳለ ልጅ ማርቲ፣ መሥሪያ ቤቷ ኢንተርኔት ገብቶላት፣ እዚያ ላይ ያወጣኸውን የመንዝ መዝገበ ዕውቀት አትማ አመጣችልኝ። መጀመሪያ ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ወጥቶ ነበር። «ልጄ ይሄን ሲሠራ ነው እንዴ ዓመት የፈጀው?» ብዬ ሳቅሁባት። ኋላ የላክህላትን የፊደል ፕሮግራም ጭና ደግማ አተመችው።

ልጄ፣ ምን ልበልህ! ስለ ባናው ብርድ ልብስ የጻፍኸውን ሳነብ የበግ ጠጉሩ ሸተተኝ። ሴቶቹ ፈትለን ወንዶቹ እንደሚሸምኑት፣ የድንጋዩ ቤት አካካብ፣ ገብሱ በየዓይነቱ ከነስሙ፣ የለቅሶው ግጥም ሳይቀር! አዲስ አበባ ተወልዶ ላፍቶ ሜዳ ላይ ኳስ ሲያባርር ያደገ ልጅ ይህን ሁሉ ከየት አመጣው? ያውም ከሥራ በተረፈህ ሰዓት፣ ከማንም ሳንቲም ሳትቀበል። ማርቲ «እትዬ፣ የፈለገ ሰው ካለበት ሆኖ ያነበዋል» ስትለኝ ኩራቱ አላስቀምጥ አለኝ።

እና ለአባትህ አነበብሁለት። የማን ሥራ እንደሆነ አልነገርሁትም። ለአንተም ሳልነግርህ የቆየሁት አለ፤ ከጥምቀት ወዲህ ነገር ይጠፋበታል። ቤቱ ተቀምጦ «ወደ ቤታችን እንሂድ» ይለኛል፤ አንዳንዴም በእህቱ ስም ይጠራኛል። የጥንቱን ግን አንዱንም አልረሳም።

ባናውን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። ገብሱ ላይ ሳቀ። «ይሄ ሰው ሠርቷል፤ ደግሞ አይዋሽም» አለ። ዘሩን ከላይ ወደ ታች ማንበብ ስጀምር ግን ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ቆይ! ወሰንየለህ የት ሄደ? ወሰንየለህን ማን ዋጠው?»

ለካ ጋሽ ሕዝቅኤል ትልቁ ርስት የሚመዘዝበትን አያት ዘልለው ነው የነገሩኝ! መሬት የሚጠይቅ በሌለበት ዘመን አያት ደብቀው አንተን በዓለም ፊት አሳሳቱህ።

«ንገረኝና ይታረም» አልሁት።

«የጻፈው የማን ወገን ነው? ለባዳ አልናገርም። ይቁጠር!»

አንተ ስለሌለህ እኔ ቆጠርሁልህ። በትዳራችን ዘመን ሁሉ ባሌን በስሙ ጠርቼው አላውቅም፤ ያን ቀን ፊቱ ቁጭ ብዬ ጠራሁት። «ሚሳኤል፣ ከበበው፣ ቸኮል...»

ሚሳኤል ስል «ቀጥዪ» አለኝ። የራሱን ስም፣ ከበበው ስልም «ቀጥዪ»። ቸኮል ስል እንባው ዱብ አለ። «ቸኮልማ አባቴ ነው! ታዲያ ይህ ልጅ የኛው አጥንት ነው፤ ምን ይደበቃል?» አለና እስከ መጀመሪያው አባት ድረስ አወረደልኝ። ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ፤ እንዳለ አስገባው።

ስሜን ጠራ ወይ ላልኸው፣ ጠርቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት «የሚሳኤልን አምጪ» እያለ ያስነብበኛል። ያንኑ ገጽ ስደግምለት እንደ አዲስ ያደንቃል።

ክረምቱ ሳይገባ ዕረፍት ይሰጧችሁ ይሆን? እንዲያው ልጠይቅህ ብዬ ነው።

የብሥራቱ መልአክ ከፊት ከኋላህ ይሁን። እጅህ ይባረክ፣ የጻፍኸው አይጥፋ፣ እንግዳ አገር አያስከፋህ።

ትናንት ምሳ ላይ ጉርሻዬን በእጁ ያዝ አድርጎ፣ «የዚያ የሚሳኤል አባት በሕይወት አለ?» አለኝ።

«አለ» አልሁት።

«ታድሏል» አለ።

እናትህ ትሩፋት